ሚስት ያልተጠራችበት ትእዛዝ

ባሌ መምህር ወልደአረጋይ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ልብስ ገመድ ላይ ያሰጣ ነበር። አላጋነንኩም። ቤታችን ሁለት ክፍል ስትሆን ትልቁ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ የተወጠረበት ነው። በየሲባጎው ላይ ቁራጭ ወረቀት ተሰክቷል፤ በየወረቀቱም አንድ አንድ ጥቅስ ተጽፏል። አንዱ ሲባጎ የምሕረት ነው፤ ምሕረት የሚለው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የትም ይገኝ የት እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው የደም፣ ሌላው የሰንበት፣ ሌላው የመንግሥት። እኔ አጭር ስለሆንኩ ከሥራቸው ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። እሱ ግን ቁመተ ረጅም ነበርና በገዛ ቤቱ ጎንበስ ብሎ ነው የኖረው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ደንብ ስላለው ነው። አንድ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዋለበትን ቦታ ሁሉ ሳያይ ስለዚያ ቃል አፉን አይከፍትም። ያላገኘውን አይናገርም። ያልተጻፈ ነገር ጠይቀው ካስቸገሩት ጥያቄውን ጽፎ «አላውቅም» የሚባል ሲባጎ ላይ ይሰካዋል። ከቤቱ ሲባጎዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወረቀት ሲጠፋ ደግሞ እኔ ከሱቅ ደጃፍ የመኮሮኒ መጠቅለያ እየለቃቀምኩ አመጣለት ጀመር። መጠቅለያው ሰማያዊ ስለሆነ ነቢያቱ ግማሹ ነጭ ግማሹ ሰማያዊ ሆኑ። እሱ ምንም አላለም፤ እኔ ግን ቤቴ እንዳማረ ቆጠርኩት።

ስንጋባ እንዲህ አልነበረም። የጎጃም የቅኔ ሰው ነበር፣ እኔ የእንደርታ ልጅ፤ በቁርባን ነው የተጋባነው። ከዚያ አዲስ አበባ ገባንና አድቬንቲስት የሚባሉት ሚሲዮኖች ቅዳሜን እናከብራለን እያሉ ሲያስተምሩ ሰማ። ሊረታቸው ሄደ፤ ተረትቶ መጣ። ከእነሱ ዕብራይስጡንም ግሪኩንም ለመደ፤ ጭራሽ አስተማሪያቸው ሆነ። እኔ ከቂርቆስ አልተነቃነቅኩም። የንስሐ አባቴ «ይህን ሰው ተይው» ቢሉኝ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያቆረቡን? አሁን በክርክር ልፈታው?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላነሱብኝም።

ኑሯችን እንግዲህ በሁለት ድስት ነበር። በጾም ቀን እኔ ሽሮዬን እሠራለሁ፤ ለእሱ እንቁላል ስጠብስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። ቡና አይጠጣም። ጠጅም ጠላም አይደርስበትም። የተቆላ ገብስ አፍልቶ ይጠጣል። ጎረቤታችን ጀሚላ «መምህር፣ ይሄ እኮ የበሽተኛ ነው» ብላ ታዝንለት ነበር። ጀሚላ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ባሏ ከዘመቻ ሳይመለስ ቀርቶ ብቻዋን ነበረች። እሷ ዓርብን፣ እሱ ቅዳሜን፣ እኔ እሑድን ስናከብር ሰፈርተኛው «እነዚያ ሰዎች መቼ ነው የሚሠሩት?» እያለ ይቀልድብን ነበር።

ባሌ በቃሉ ግትር ነበር፤ ይህን አልደብቅም። አንድ የተማረ ፈረንጅ እንግዳ ቤታችን መጥቶ፣ ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረ የሚለው ዘመንን እንጂ ቀንን አያሳይም ብሎ ሲነግረው በትዕግሥት ሰማው። ምሳ አበላው። እስከ በር ሸኘው። ከዚያ ተመልሶ መስኮቱን ከፈተና ቤቱን አናፈሰ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ ሰዉ በየማታው እየመጣ «መምህር፣ ዳንኤል ስለ ሮም ተናግሯል አሉ፤ እነዚህ መቼ ነው የሚወጡት?» እያለ ይለምነው ነበር። የሚወዱት ወዳጆቹ፣ በዱር ያሉ ወንድሞች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። «የሮም መንግሥት እንደማይጸና ተጽፏል። ዓመቱ ግን አልተጻፈም» ይላቸዋል። «እስቲ በግምት» ይሉታል። «በመጽሐፍ አልገምትም» ይላል። በብስጭት ወጥተው ሲሄዱ እኔ በሩ ላይ ዳቦ እያስያዝኩ አባብላቸዋለሁ። አንድ ዓመት ቢጠራላቸው ምን ነበረበት እያልኩ በውስጤ እናደድ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ያኔ ጎጆና ቆርቆሮ ቤት የተቀላቀለበት፣ ባሕር ዛፍ የበዛበት ቦታ ነበር። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ግድም ቀያሾች መጡና በየጓሯችን ነጭ ችካል ተከሉ። ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት ሊሠሩበት ነው። የእኛ ቤት ይፈርሳል። ቦታ ያለው ሰው ማስረጃውን ይዞ እስከ ጣሊያኑ ሹም ድንኳን ድረስ ከመጣ በከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ ያልመጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ለየሰፈሩ አንድ ቀን ተቆረጠለት። ለእኛ የደረሰን ቅዳሜ ነበር።

ወልደአረጋይ ሐሙስ ዕለት ሄዶ ሌላ ቀን እንዲያደርጉለት ለመነ። ሹሙ ሳቀበት። አስተርጓሚው አስገዶም የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር፤ ደጋግሞ ለመነለት፤ አልሆነም። «ቅዳሜ ወይም ምንም» ብሏል ብሎ ነገረው። ባሌ ቤት መጥቶ ነጠላውን ሰቀለና ሥራውን ቀጠለ። ቁጣ የለ፣ ለቅሶ የለ። እኔ ግን ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ሰኔ ገብቷል። ባሌ ደረቱ ደካማ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሳሉ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛውም። ያለ ጣራ ያን ክረምት እንደማይወጣው እርግጠኛ ነበርኩ። መንደሩን ያውቃል፣ ቃሉን ያውቃል፤ ስለ ገዛ ደረቱ ግን ምንም አያውቅም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ምግቡ ተሠርቶ አለቀ። እሱ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ቆሞ ፀሐይዋን ሸኘ። ገብቶ እንደ ልማዱ የሰንበትን ትእዛዝ ጮክ ብሎ አነበበ። ይህን ስሰማ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ምሽት ግን ጆሮዬ ሌላ ሆነ።

«ቆይ» አልኩት። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን አንተ ነው። «ሥራ አይሥራ የተባለው ማን ማን ነው?»

«አንተ ይላል፤ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለ እንግዳ።»

«ሚስትስ?»

መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ከደነ።

«ሚስት የለችበትም» አልኩ። «በእኛ ቤት ደግሞ ልጅ አልተሰጠንም። ሎሌ የለን፣ ገረድ የለን። ከብት ካልክ አንዲት ዶሮ ናት። እንግዲህ ከዚህ ቤት የታዘዝከው አንተ ብቻ ነህ ማለት ነው። ያልተጻፈ አልናገርም ትላለህ አይደል? እንግዲያው ስለ እኔ አልተጻፈም። ነገ እኔ እሄዳለሁ።»

እንደ ረታሁት አውቄያለሁ። ወደ «አላውቅም» ሲባጎ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እንደሌለሽበት። ዱሮ ነው ያየሁት። ያልነገርኩሽ እንደዚህ እንደምትይዢኝ ስለማውቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተወኝ? ዶሮዋ እንኳ ተጠርታ?»

አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ብዙ አሰብኩበት፣ እጸገነት። ልጅ አድጎ ከቤት ይወጣል። ሎሌም ጌታ ይለውጣል። እንግዳም መንገደኛ ነው። እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ቢጠሩ ያምርባቸዋል። ባልና ሚስትን ግን መጀመሪያውኑ አንድ ሥጋ ይሁኑ ብሎ ጨርሷል። አንቺን ከእኔ ነጥሎ የሚጠራበት ምክንያት የለውም። ለእኔ ሲናገር ላንቺ ተናግሯል፤ እኔ የገባኝ ይህ ነው።»

«አትሂጂ እያልከኝ ነው?»

«አይደለም። ብትሄጂ እኔ ሄድኩ ማለት ነው እያልኩሽ ነው። እግርሽን አላስርም።»

ከዚህ የባሰ ክልከላ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ቢቆጣኝ መልስ ነበረኝ። ቢከለክለኝ እሄድ ነበር። እንዲህ ብሎ ሲለቀኝ ግን ምን እላለሁ? «አንተ ሰውዬ አምላክ ይይልህ» ብዬ ድስቴን ማንኳኳት ጀመርኩ።

ጠዋት እሱ ፍልውሃ አጠገብ ቅዳሜ አክባሪዎቹ ወደሚሰበሰቡበት ቤት ሊሄድ ተነሳ። እኔም የቦታውን ወረቀት በመቀነቴ ቋጠርኩ። እኛ ኦርቶዶክሶችም እኮ ከእሑድ ጋር ቅዳሜን እናከብራለን፤ ሰው ቤቱ ሲፈርስበት እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ያለኝ ቄስ ግን አልገጠመኝም። በሩ ላይ ተገናኘን። የነጠላዬን ጫፍ አስተካከለልኝና «በሰላም ግቢ» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ከጀሚላ ጋር ሄድን። ድንኳኑ ፊት ሰው እንደ ጉድ ተሰልፏል። ጠረጴዛው ላይ ሹሙ፣ አጠገቡ አስገዶም ተቀምጠዋል። ሹሙ አንገቱን ሳያቀና ይጠይቃል፣ አስገዶም ይተረጉማል፣ ሰውየው ጣቱን ቀለም ይቀባና ቁጥር የተጻፈበት ችካል ይሰጠዋል። ችካሉን አዲሱ ቦታ ላይ ሄዶ ይተክለዋል። ነገሩ ቀላል ነበር። አሁን ደርሶኝ እወጣለሁ ብዬ ልቤ መለስ አለ።

የጀሚላ ተራ ከእኔ በፊት ነበር። ቦታው በባሏ ስም ነው።

«ባለቤቱስ?» አላት አስገዶም።

ጀሚላ ጠረጴዛውን እያየች «ሞቷል» አለች።

«የት?»

«ማይጨው።»

አስገዶም ወደ ሹሙ ዞሮ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። ማይጨውን አልጠራውም፤ ለእሷ ብሎ እንደዋጠው ገባኝ። ሹሙ ጻፈ። ጀሚላ ጣቷን ተቀባች፣ ችካሏን ተቀበለችና ፈቀቅ አለች። ከእሷ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ስኖር ያን ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «አልመጣም» ነበር የምትለው፤ «እስካሁን አልመጣም»። ያን ቀን ለአንዲት ቁራጭ መሬት ብላ ሞቷል አለች፤ ፊቷም ያኔውኑ አረጀ።

«ቀጥሎ» ተባለ። ወረቀቴን ዘረጋሁ።

አስገዶም አየና «የወልደአረጋይ ነው። እሱ የት አለ?» አለኝ።

«ጸሎት ቤት።»

«ታሟል?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

«ቅዳሜ ነው» አልኩ።

አስገዶም የሐሙሱን ሰው አስታወሰና ፈገግታውን ዋጠ። ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ሁለት ቃል ተናግሮ እጁን አወናጨፈ።

«ሚስት አትቆጠርም ይላል» አለኝ አስገዶም። «ወይ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ፣ ወይ መበለት ትምጣ። ሌላ የለም።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በእናቴ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ እህቴ ብሎ ለሰስ ባለ ድምፅ ነገረኝ። «ሓፍተይ፣ ስሚኝ። ሞቷል በይ። ይሄ ሰውዬ የሚሰማው እኔ የምለውን ነው። ማንም አይመረምርሽም። ችካልሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ማታ ከባልሽ ጋር እራትሽን ትበያለሽ። በቃ።»

ደግ ልጅ ነው። እግዜር ይስጠው፣ የዳቦ ያህል አቅልሎ ነው የሰጠኝ። እኔም አሰብኩት። ዝናቡን አሰብኩ፣ ሳሉን አሰብኩ። ይህን ቃል ካልኩ ባሌ በደረቅ ቤት ይከርማል። ካላልኩ ምናልባት ቃሉ እውነት ሊሆን ነው። ትክክለኛው ነገር ግልጽ ነበር፤ አፌን ከፈትኩ።

ጀሚላ ችካሏን በነጠላዋ ሥር ታቅፋ ጎን ቆማ ታየኛለች። በይ አላለችም፤ አትበይም አላለችም።

ቃሉ አልወጣም። በሕይወቴ ምላሴ እምቢ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ በቀላሉ ሊሞት ነው? በር ላይ ነጠላዬን አስተካክሎ የላከኝን ሰውዬ፣ መልስ እንኳ ሳልሰጠው የወጣሁትን፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በገዛ አፌ ልግደለው? አንቺን ከእኔ ነጥሎ የሚጠራበት ምክንያት የለውም ያለኝን? ወደድኩት። እዚያ አቧራ ውስጥ ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ንዴቴ ላይ፣ ከሙሽርነቴ ጊዜ ይልቅ ወደድኩት።

«አልሞተም» አልኩ።

«አውቃለሁ እኮ» አለ አስገዶም ጨንቆት። «ቃል ብቻ ነው።»

«የእኔን ቤት አላየኸውም፤ ቃል ብቻ የሚባል ነገር የለበትም። አልሞተም። በደንብ አድርገህ ተርጉምለት። በሕይወት አለ፤ ቅዳሜ ስለሆነ አልመጣም በለው።»

ተረጎመ። ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወረቀቴን ወደ እኔ ገፋና «ቀጥሎ» አለ። ይህቺን ቃል አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ ገባችኝ።

ጀሚላ መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ መጣች። «ደነዝ። ትምህርቱ ተጋብቶብሻል። አሁን በእኔ ቦታ ላይ ልትመጡብኝ ነው አይደል? ያን ሁሉ ሲባጎ ይዛችሁ።» ከዚያ ችካሏን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና «ጥግ ጥጉን እኔ ለበርበሬ እፈልገዋለሁ፤ መሐሉን ውሰዱት» አለች። እጇን ልስማት ስል መነጨቀችኝ።

ባሌ ከጸሎት ሲመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። እጄ ባዶ መሆኑን አየ። «ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ አይሆንም አሉ» አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁ ተሰብሮ «እኔ ሰንበቴን ጠበቅኩ፤ አንቺን ቤት አሳጣሁሽ» አለ። ፈረንጁ እንግዳ መጽሐፉን ሲያፈርስበት ያልተነካ ሰው፣ በእኔ ነገር ተነካ።

«ጀሚላ መሐሉን ውሰዱት ብላናለች» አልኩት። «ቦታ አለ። የሌለን ጣራ ነው።»

«ጣራማ አለን» አለ ወደ ላይ እያየ። «ሰኞ መጥተው ከሚያፈርሱት እኛው እናውርደው።»

ይህን ብሎም አልተነሳም። ፀሐይ ገና አልገባችም። ቁጭ ብሎ ጠበቃት። እኔም አብሬው ጠበቅኩ፤ ሰማዩ ደመናውን እየቆለለ ነበር፣ ልቤም እንደ ሰማዩ። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ስትጠልቅ ቆሞ ጸለየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ከጀሚላ መሰላል ተበደረና መዶሻ ይዞ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከሲባጎ ሌላ ነገር ወጥሮም አንቀሳቅሶም የማያውቅ ሰው ነው። አንድ እግሩን በመሰላሉ፣ አንዱን በአየር ላይ አድርጎ የቆርቆሮውን ምስማር ሊነቅል ይጎትታል። ቆርቆሮው ይጮኻል። መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ ከሥር አየዋለሁ።

«ተጠንቀቅ» አልኩት።

«ግድ የለሽም» ይላል፤ ይባስ ብሎ ወደ ዳር ይንጠራራል።

«ወልደአረጋይ፣ ተጠንቀቅ ብዬሃለሁ። ሞቷል ካልሽ ቦታውን እንሰጥሻለን ብለውኝ፣ አልሞተም ብዬ ነው የመጣሁት። ወድቀህ ውሸታም እንዳታደርገኝ።»

መዶሻው ቆመ። ከላይ ሆኖ ወደ እኔ ቁልቁል አየ። ጨልሞ ስለነበር ፊቱን ማየት አልቻልኩም። በአየር ላይ የነበረውን እግሩን መለሰና መሰላሉ ላይ አጸናው፤ ከዚያ በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወረደ።